የቦምቦላ አልጋ

የሚስቴ ወንድም ደብረ ታቦር ላይ ብየዳ ቤት አለው፤ እኔ አሮጌ ፒክአፕ አለችኝ። ዝምድናችን የጸናው በዚህ ነው። ኦክስጅን ባለቀበት ቁጥር ባዶውን ቦምቦላ ይዤ ባሕር ዳር እወርዳለሁ፤ ሙሉውን ይዤ እወጣለሁ። 60 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ብረት ነው። ዓለም በር ጠመዝማዛው ላይ እየተንከባለለ የመኪናዋን ጎን ሲደልቅ፣ ከኋላዬ ነጋሪት የሚያስጎስም ደጃዝማች የተከተለኝ ይመስላል።

ነገሩ ግን አያስቅም። 40 ሊትር በሚይዘው ብረት ውስጥ 6,000 ሊትር ያህል ጋዝ ታጭቋል፤ ግፊቱ ከምንተነፍሰው አየር 150 እጥፍ ነው። ቫልቩ ቢሰበር ቦምቦላው ፎገራ የሩዝ ማሳ ላይ ቀድሞኝ ይደርሳል።

የእህቴ ልጅ አንድ ቀን በስልኩ ባሕር ጠላቂዎችን አሳየኝ። ቦምቦላቸውን ራሳቸው በሠሩት መደርደሪያ ላይ አስተኝተው፣ በቀበቶ አስረው ይጓዛሉ። (አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ያለው እኛ በነፃ የምንስበው ተራ አየር ነው፤ የሚከፈለው ለማሳመቂያው ነው።) ቀናሁ። በማግስቱ አንግል ብረት ገዝቼ ብየዳ ቤቱ ደረስኩ። መብራት ሄደ።

«በጋዝ በይደዋ!»

«ካርባይድ አለ፤ ኦክስጅን የለም።»

«እናምጣ!»

«በምን ላይ ጭነን?»

ሁለታችንም ብረቱን ተመለከትን።

ከበሩ ሥር ፀሐይ የሚሞቁት ሽማግሌ ጣልቃ ገቡ። «ቴዎድሮስ እዚህ ጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል፣ 7 ቶን የሚያህለውን፣ መቅደላ ድረስ ያስጎተቱት መደርደሪያ ለምነው ነው?»

«አባባ፣ እሳቸው መንገድ እያስጠረጉ ወደ 6 ወር ፈጅቶባቸዋል። እኔ ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ክፍል አለኝ።»

የእንግዳ ፍራሽ ከቤት ሰርቄ ቦምቦላውን ጠቀለልኩት። ልነሣ ስል አክስቴ ባሕር ዳር ላለች ልጇ አንድ ቅል ቅቤ ይዛ መጣች፤ ፍራሹን አይታ ቅሏን እዚያው ልታጋድም ስትል አማቼ ጮኸ። እውነቱን ነው፤ ቅባት የነካው ቫልቭ በግፊት የሚወጣ ኦክስጅን ሲያገኘው እሳት ይሆናል።

«የጉና ሥር ቅቤ ነው እኮ! ቤንዚን መሰለህ?» ብላ ተቆጣች። ቅሉ ጋቢና ውስጥ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ቦምቦላው ፍራሽ ላይ ተኝቶ ሄደ።

ሙሉውን ይዘን ስንመለስ አልጋው ተበየደ፤ አንዱ ጎድጓዳ ለሙሉው፣ አንዱ ለባዶው፣ መሐሉ በአሮጌ ጎማ የተለበጠ። አረንጓዴ ቀባሁት። ሚስቴ ስለ ፍራሹ እስካሁን አላናገረችኝም።

ቅዳሜ ማለዳ በሬን ስከፍት አክስቴ ሁለት ቅል አቅፋ ቆማለች።

«ለብረቱ አልጋ ሠራህለት አሉ» አለችኝ። «የእኔዎቹ ዛሬም መሬት ነው የሚተኙ?»