ዘፋኙ መቼ ይመጣል?

በእኛ አገር በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ሙዚቃ ዕጣ ፈንታው ማጀብ ነው። ጨረታ ሲነበብ፣ መታወቂያ የጠፋበት ሰው ሲያመለክት፣ ዜናው ቶሎ አልቆ ደቂቃ ሲተርፍ ይጠራል። ዋልያስ ባንድን የሚያህል ነገር ሰዓት መሙያ!

ከአሰላ ወደ ዲክሲስ በሚሄድ ሚኒባስ ሾፌሩ «ሙዚቃዊ ስልት»ን ከፈተው። የግርማ በየነ ድርሰት ነው፤ ዋልያሶች እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው» በተሰኘው አልበማቸው ያሳተሙት። ግራና ቀኙ ስንዴ ነው። ቤዝ ጊታሩ ከሥር ይመላለሳል፣ ትንፋሾቹ ተባብረው ይገባሉ፣ የኃይሉ መርጊያ ኦርጋን በመሃል ይሽሎከለካል። እኔ ጉልበቴን እየደበደብኩ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ግን ዐይናቸውን ቴፑ ላይ ተክለው ቆዩና፦

«ልጄ፣ ሰውዬው ቀረ እንዴ?»

«የቱ ሰውዬ፣ እናቴ?»

«ዘፋኙ ነዋ!»

«ዘፋኝ የለውም፤ እንዲሁ ነው የሚያልቀው።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ድግስ ማን ሊበላው ነው?»

ረዳቱ ሳይቀር ለሳቸው ፈረደ።

በላተኛውማ ሞልቷል! በደርግ ጊዜ፣ ዋልያሶች አዲስ አበባ ሂልተን ሲጫወቱ፣ ሰዓት እላፊ ስለነበር ታዳሚው በር ተዘግቶበት እስኪነጋ ይጨፍር ነበር። ሌሊቱን ሙሉ የሚዘልቅ ጉሮሮ ከየት ይመጣል? የኦርጋን ድምፅ አይሰልልም። ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 የኒው ዮርክ ልጆች ዳክታሪስ ተብለው፣ ናይጄሪያዊ መስለው፣ ይህንኑ «ሙዚቃዊ ስልት»ን አሳተሙት። የሐበሻ ዜማ ለመጫወት ናይጄሪያዊ የሆነ አሜሪካዊ! የእኛ ሰው ግን ዘፋኝ ይጠብቃል።

ኃይሉ ራሱ ከባንዱ ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ ዋሽንግተን ውስጥም ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱ ከፖርቶ ባጋልዮው አይጠፋም ነበር፤ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ስንቱ ተሳፋሪ ሻንጣውን ከማን ዕቃ ጎን እንደጫነ ሳያውቅ ወርዷል! እ.ኤ.አ. በ2013 የድሮ ካሴቱ እንደገና ሲታተም ዓለም ፈልጎ አገኘው፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ አልበም አወጣ።

ለሬዲዮ አዘጋጆች አንድ ልመና አለኝ፦ «ሙዚቃዊ ስልት»ን ከከፈታችሁ እስኪያልቅ ተዉት፤ የማዳበሪያ ማስታወቂያ አታንብቡበት።