የ«ይባረር» ክርክር፦ አመጣጡ፣ ዓይነቶቹና በአርዲቦ ዙሪያ ያለው ጠባይ

የ«ይባረር» ክርክር አንድ ቡድን ደጋግሞ ሲሸነፍ ጥፋቱ የአሰልጣኙ ነው ወይስ የሌላ በሚል በደጋፊዎች መካከል የሚነሳ የቃል ሙግት ነው። ለመነሳት ሁለት ሽንፈትና አንድ አቻ ይበቃዋል። ተከሳሹ አሰልጣኝ በችሎቱ አይገኝም፤ የተባለውን አይሰማም፤ አብዛኛውን ጊዜም አማርኛ አያውቅም። ይህ የክርክሩን ሙቀት ቀንሶት አያውቅም።

በደቡብ ወሎ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ሐይቅ ከተማና በአርዲቦ ሐይቅ መካከል ክርክሩ ከመልክዓ ምድሩ የተነሳ የተለየ ጠባይ ይዟል። አርዲቦ በከተማዋ ስም ከሚጠራው ሐይቅ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይገኛል፤ ትርፍ ውሃውም በወንዝ ወደ ታችኛው ይወርዳል። ዲኤስቲቪው ያለው ግን ታች ከተማው ውስጥ ነው። ስለዚህ ደጋፊው ቅዳሜ ወደ ማታ ከውሃው ጋር ይወርዳል፤ ጨዋታው ሲያልቅ ክርክሩን ይዞ ይወጣል። ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ያጠረው ወገን ለጊዜው እንደተረታ ይቆጠራል፤ መሬቱ ሜዳ ሲሆን ይግባኝ ይላል። ባጃጅ የተሳፈረ ተከራካሪ የተሻለ ሐሳብ ባይኖረውም የተሻለ ድምፅ አለው።

ተከራካሪዎቹ በዋናነት በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው «ይባረር» ባዩ ነው። ማስረጃው አሰላለፉ፣ ቅያሪውና የአሰልጣኙ ፊት ነው። ቅያሪው በ60ኛው ደቂቃ ከሆነ ቸኩሏል፣ በ80ኛው ከሆነ ዘግይቷል፤ በመካከሉ ከሆነ የተሳሳተውን ልጅ ነው ያስወጣው። ፊቱ ከተቆጣ ቡድኑን አስጨንቋል፤ ረጋ ካለ ግድ የለውም። ሁለተኛው «ጊዜ ይሰጠው» ባዩ ነው። ይህ ወገን አንድ ምስክር ብቻ ስላለው ደጋግሞ ይጠራዋል፦ አሌክስ ፈርጉሰን ማንቸስተር ዩናይትድ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 ሲሆን የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሱት በ1990፣ ሊጉን ያሸነፉትም በ1993 ነው። ከፈርጉሰን ሌላ ጊዜ ተሰጥቷቸው ምንም ያልሆኑ አሰልጣኞች ስንት እንደሆኑ ይህ ወገን ተጠይቆ አያውቅም፤ ቢጠየቅም አይመልስም። ሦስተኛው «ችግሩ ከላይ ነው» ባዩ ሲሆን ከላይ የሚለው እንደ ቡድኑ ሁኔታ ቦርድ፣ ባለሀብት ወይም ፌዴሬሽን ሊሆን ይችላል። ዳኛውን የሚወቅስ አራተኛ ወገንም አለ። እሱ ግን ሲሸነፍም ሲያሸንፍም አንድ ዓይነት ስለሚናገር ከዚህ ጥናት ውጭ ነው።

የመጀመሪያውና የሦስተኛው ወገን የጋራ መሣሪያ «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» የሚለው ተረት ነው። በሌላ አካባቢ ይህ ተረት ከተነገረ ሙግቱ ያበቃል። በአርዲቦ ዳር ግን ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ስላሉ ተረቱ ያለ ምርመራ አያልፍም። ወጣቱ «አባቴ፣ ዓሣ ግማቱ ከአናቱ አይደል እንዴ? አሰልጣኙ መሄድ አለበት» ሲል አዛውንቱ አጥማጅ እንዲህ ይመልሳሉ፦ «ወላሂ ልጄ፣ ቀድሞ የሚሸተው ሆዱ ነው። ቆሮሶውን እንዳወጣህ ሆድ ዕቃውን ካልዘረገፍከው አናቱ ደህና ሆኖ ሥጋው ይበላሽብሃል።» ነገሩ እውነት ነው። ያልተዘረገፈ ዓሣ መበላሸት የሚጀምረው ከሆድ ዕቃውና ከስንጥቡ ነው፤ አጥማጅም ቢላውን የሚሰነዝረው መጀመሪያ ወደዚያው ነው። ከዚህ የተነሳ በአርዲቦ ዙሪያ ከሌላው ቦታ ይልቅ ጥፋቱ የአማካዮቹ ነው የሚል ወገን በርከት ይላል። ስንጥቡ ከአናቱ ይቆጠራል ወይስ ከአካሉ የሚለው ጥያቄ እልባት አላገኘም፤ ምክትል አሰልጣኙን የሚመለከት ስለሆነ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ክርክሩ በአገር አቀፍ ደረጃ መቼ እንደጀመረ በትክክል መናገር ያስቸግራል። ያልነበረበትን ጊዜ መጥቀስ ግን ይቻላል። በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በይድነቃቸው ተሰማ አሰልጣኝነት አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ዋንጫን ስትወስድ ውድድሩ የአራት አገሮች ስለነበር ዋንጫው በሁለት ጨዋታ አለቀ፦ ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2። ለ«ይባረር» ቢያንስ ሦስት ጨዋታ ያስፈልጋል።

በጥናቱ መስክ ከሁሉ የበለጠ የሚጠቀሰው ጉዳይ የብሔራዊ ቡድኑ (የዋልያዎቹ) አሰልጣኝ የነበሩት የሰውነት ቢሻው ነው። ጳጉሜ 3 ቀን 2004 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ካርቱም ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ሲሸነፉ ክርክሩ በመላ አገሪቱ ተቀጣጠለ። ከአምስት ሳምንት በኋላ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ሲያሸንፉ፣ ከሜዳ ውጭ የገቡት ሦስት ጎሎች ቡድኑን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አበቁት። በካርቱም ስምንት ጎል የታየበትን ጨዋታ የከፈተው የመከላከል ድክመት በድሉ ምሽት «ደፋር አጨዋወት» ተብሎ ተመዘገበ። ደቡብ አፍሪካ ላይ በተካሄደው ዋንጫ ቡድኑ በረኛው በቀይ ወጥቶበት ከወቅቱ ሻምፒዮን ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ተለያየ፤ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፈ። ይሁንና አሰልጣኙ እንደ ጀግና ነበር የሚታዩት። በጥር 2006 ዓ.ም. በቻን (በአገር ውስጥ ሊግ ተጫዋቾች የአፍሪካ ሻምፒዮና) ውድድር ሦስቱንም ጨዋታ አንድም ጎል ሳያስቆጥሩ ሲሸነፉ ግን ብዙም ሳይቆይ ተሰናበቱ። በሁለቱ ውድድሮች መካከል አንድ ዓመት አለ። ሰውዬው በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ያወቁትን ሁሉ እንዴት እንደረሱት «ይባረር» ባዩ ወገን አላብራራም።

በመሀል የተፈጠረው የቢጫ ካርድ ጉዳይ ደግሞ ክፍፍሉን አወሳሰበው። በሰኔ 2005 ዓ.ም. በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋና ላይ፣ በሁለት ቢጫ መቀመጥ የነበረበት ተጫዋች ተሰለፈ፤ ያሸነፈው ቡድን በሕግ ተሸናፊ ሆኖ ሦስት ነጥብ ተቀነሰበት። ፌዴሬሽኑም ስህተቱን አመነ። ቢጫ መቁጠር የአሰልጣኝ ሥራ ነው ወይስ የጽሕፈት ቤት በሚለው ላይ ዕውቀት ያለው ሁሉ ተናገረ፤ የሌለውም ረዘም አድርጎ ተናገረ። ቡድኑ ያም ሆኖ ምድቡን በአንደኝነት ጨርሶ ለመጨረሻው ማጣሪያ በቃና በናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተረታ። እስከ ሁለት መቁጠር በአሰልጣኝነት ፈቃድ ፈተና ውስጥ ይግባ የሚል ሐሳብ ያኔ በብዙ ቡና ቤት ቀርቦ ነበር።

ለሳይንስ የበለጠ የሚመቸው ግን የመጋቢት 2008 ዓ.ም. ጉዳይ ነው። በአሰልጣኝ ዮሐንስ ሳህሌ የሚመራው ቡድን አልጄሪያ ላይ 7 ለ 1 ተሸነፈ። ከአራት ቀን በኋላ አዲስ አበባ ላይ ከዚያው ቡድን ጋር በዚያው አሰልጣኝ 3 ለ 3 ወጣ። እንዲህ ያለ ሙከራ በቤተ ሙከራም አይገኝም፦ አሰልጣኙ አንድ፣ ተጋጣሚው አንድ፣ ልዩነቱ ስድስት ጎል። «ይባረር» ባዮች ሰባቱን የአሰልጣኙ፣ ሦስቱን የተጫዋቾቹ ብለው አካፈሉት። አሰልጣኙ ብዙም ሳይቆዩ ተሰናበቱ።

የውጭው ዓለም ልምድም ለክርክሩ ብዙ ስንቅ ያቀብላል። አርሰን ቬንገር አርሰናልን ለ22 ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2018 አሰልጥነዋል፤ በ2003/04 አንድም ጨዋታ ሳይሸነፉ ሊጉን ወስደዋል። በመጋቢት 2017 እ.ኤ.አ. በዌስት ብሮም ስታዲየም ሰማይ ላይ ግን በአንድ ቀን ሁለት አውሮፕላን በረረ፤ አንዱ ይሂዱልን፣ ሌላው እናምንዎታለን የሚል ጽሑፍ ይጎትት ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ሐራሬ ላይ ፕሬዚዳንት ሙጋቤ ይውረዱ ተብሎ በወጣው ሰልፍ ውስጥ ቬንገር ይውጡ የሚል ጽሑፍ የያዘ ሰው ታይቷል። ሰውየው የሰልፉን ዓላማ አልሳተም፤ አጋጣሚውን ነው የተጠቀመበት። በማንቸስተር ዩናይትድ በኩል ደግሞ ከፈርጉሰን በኋላ ሞዬስ፣ ቫን ሃል፣ ሞሪንሆ፣ ሶልሻየርና ቴን ሃግ በየተራ ተሰናብተዋል። በሐይቅ ከተማ ያሉ የዩናይትድ ደጋፊዎች በአምስቱም ላይ ትክክል እንደነበሩ ያምናሉ፤ በአምስቱም ሹመት ቀን እንደተደሰቱ ግን ማስታወስ አይወዱም።

ሆላንዳዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ ባስ ተር ዊል በአገሩ ሊግ እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 2004 የተደረጉ ስንብቶችን መርምሮ በ2011 ባሳተመው ጥናት፣ አሰልጣኝ ያባረሩ ክለቦች በዚያው ዓይነት ችግር ውስጥ ሆነው ካላባረሩት ይልቅ የተለየ መሻሻል እንዳላዩ አሳይቷል። ከስንብት በኋላ የሚታየው መሻሻል ሳይባረርም የሚመጣ ነው፤ ቡድን ከወደቀ በኋላ ወደተለመደው ደረጃው ይመለሳልና። ይህ ውጤት በአርዲቦ ዳር ሲነገር የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፦ «ሆላንድ ነው ያጠናው።»

የክርክሩ ሥነ ሥርዓት ከቡናው ጋር ይሄዳል። በአቦሉ ሁሉም ይናገራል፤ በቶናው ድምፁ ከፍ ይላል፤ በበረካው አንድ ታላቅ ሰው «በሉ እንግዲህ፣ አላህ ያቅናው» ብለው አሰልጣኙን ይመርቃሉ። ምርቃቱ ማንንም አይከለክልም፤ በማግስቱ ክርክሩ ካቆመበት ይቀጥላል። በረመዳን ከተራዊህ በኋላ ስለሚጀመር ያጥራል፤ የጾመ ሰው ቁጣው የተቆጠበ ነው። አዲስ አሰልጣኝ ሲሾም ለሦስት ጨዋታ ያህል ይቋረጣል። በዚህ ጊዜ ተጫዋቾቹ «ነፍስ ዘሩ» ይባላል፤ ያልዘሩም ቢሆኑ ገና ነው ይባላል።

ክረምት ሲገባ ሊጎቹ ይዘጉና ክርክሩ ለዝውውር ክርክር ቦታውን ይለቃል። እሱ የራሱ ተከራካሪዎች፣ የራሱ ማስረጃዎችና ከየትም የማይመጡ የራሱ ምንጮች ስላሉት ለብቻው ይታያል።