ድምፁ የት ቀረ?

አክስቴ ጂዳ በኖረችባቸው ዓመታት ደብዳቤ አትጽፍም ነበር። በካሴት ትቀርጽና ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ስታገኝ ትልካለች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ በስም እየተጠራ ሰላም ይባላል፤ መሀል ላይ ሕፃን ያለቅሳል፤ እሷም «ቆይ መጣሁ» ብላ ትነሣና ካሴቱ ባዶ ክፍል ይቀርጻል። እናቴ ያንን ባዶ ክፍል እንኳ አታሳልፈውም።

ቴፑ ሳይበላቸው እነዚህን ካሴቶች ኮምፒውተር ላይ ለማስቀመጥ ተነሣሁ። ከቴፑ የወጣውን ገመድ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሰማያዊው ቀዳዳ ላይ ሰካሁት። ሰማያዊው ድምፅ መቀበያ፣ ሮዙ የማይክራፎን፣ አረንጓዴው የስፒከር ነው። ሲቀረጽ የድምፁ መስመር ስክሪኑ ላይ ከፍ ዝቅ ይላል። ልናዳምጠው ስንል ግን ጭጭ!

ስፒከሩን ከሞባይሌ ጋር አገናኘሁት፤ ደህና ነው። ሞኒተሮች በኤችዲኤምአይ ሲገናኙ አንዳንዴ ድምፁን ወደ ራሳቸው ይወስዱታል፤ የእኔ ግን በቪጂኤ የሚሠራ አሮጌ ሞኒተር ስለሆነ ያ አያሠጋኝም። የድምፅ ድራይቨሩን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። ምንም ለውጥ የለም።

ጠጋኝ ቤት ወሰድኩት። ልጁ ገና ከማብራቱ «ጋሼ፣ ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፤ ፎርማት ይደረግ» አለኝ። ይህ ነገር ያናድደኛል። ሳይመረምሩ ፎርማት ማድረግ፣ በተለይ ፋይሉ ሌላ ቦታ ሳይገለበጥ፣ የሰውን ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሟች ድምፅ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ችግሩ የዕቃ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ከጠፋ በኋላም ኮምፒውተሩ ዲዳ እንደሆነ ይቀራል። ተሸክሜው ተመለስኩ።

ዲዳነት ለኮምፒውተር አዲስ አይደለም፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 የወጣው የአይቢኤም ኮምፒውተር ጢጥ ከማለት የዘለለ ብዙም ድምፅ አልነበረውም። ሲም ዎንግ ሁ የተባለ የሲንጋፖር ሰው ያቋቋመው ክሪኤቲቭ የተባለ ኩባንያ ሳውንድ ብላስተር የተባለውን የድምፅ ካርድ ያወጣው በ1989 ነው። ለብዙ ዓመታት ድምፅ የሚፈልግ ሰው ካርዱን ለብቻው ገዝቶ ያስገጥም ነበር። ዛሬ ያ ሥራ ማዘርቦርዱ ላይ በተበየደ ትንሽ ቺፕ ይሠራል፤ የእኔው ላይ የታይዋኑ ሪልቴክ ነው። እንዲህ ትንሽ ስለሆነ ነው መሰለኝ ማንም የማያስታውሰው።

ዊንዶውሱን ሳልነካ ከፍላሽ የሚነሣ ሊኑክስ አስገባሁ። እዚያም ድምፅ የለም፤ ስለዚህ ጥፋቱ የዊንዶውስ አይደለም። የሊኑክሱን የድምፅ ማስተካከያ ስከፍት መልሱ ፊት ለፊት ተጽፏል፤ የጆሮ ማዳመጫ ተሰክቷል ይላል። ምንም አልተሰካም!

ከፊት ለፊት ባለው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ውስጥ፣ አንድ ነገር ሲሰካ የሚነካና ሲነቀል የሚመለስ ቀጭን ብረት አለ። ቺፑ የጆሮ ማዳመጫ መኖሩን የሚያውቀው በእሱ ነው፤ ያኔ የኋላውን ስፒከር ይዘጋል። የእኔው ብረት ሳይመለስ ቀርቷል። የጆሮ ማዳመጫ ሰካ ነቀል አደረግኩበት፤ በአልኮል ጠረግኩት፤ አልተመለሰም። መብራቱን ነቅዬ ሣጥኑን ከፈትኩና ከፊት ቀዳዳ ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄደውን ገመድ አላቀቅኩት። ለጊዜው የጆሮ ማዳመጫ ከፊት አልሰካም፤ ስፒከሩ ግን ሠራ።

እናቴን ጠርቼ ከፈትኩላት። ጥቂት ሰምታ «ይቺ እሷ አይደለችም፤ የእህቴ ድምፅ ቀጭን ነው» አለች። እውነቷን ነው። የቴፑ ላስቲክ ላልቶ ካሴቱ ቀስ ብሎ ስለሚዞር የተቀረጸው ድምፅ ወፍሯል። ሁሉም እንደገና መቀረጽ አለበት፤ ቅዳሜ ላስቲክ ፍለጋ መርካቶ እወርዳለሁ።