ከአገር የማይወጣ እርዳታ

የእንግሊዝ ሚኒስትሮች ለድሃ አገሮች የገባነው ቃል «እንደጸና ነው» ባሉ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር። አሁን ግን ማመስገን ይሻላል ብያለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1970 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሀብታሞቹ ከብሔራዊ ገቢያቸው 0.7 በመቶውን ለእርዳታ እንዲያውሉ ጠየቀ። ለንደን እዚያ የደረሰችው በ2013 ነው፤ ምን ያስቸኩላታል? በ2015 ደግሞ ሕግ አድርጋ አወጣችው። ሕጉም እንዴት ያለ አዛኝ ሕግ መሰላችሁ! ግቡ ላይ ያልደረሰ ሚኒስትር ለፓርላማ ምክንያቱን ጽፎ ያቀርባል፤ በቃ። ዋስ ተጠርቶበት የሚያውቅ ዕቁብተኛ ይህን ቢሰማ በቅናት ያብዳል። ከ2021 ጀምሮ 0.5 በመቶ ሆነ፤ «ለጊዜው» ነው ተብሎ።

የጥበቡ ቁንጮ ግን ጥገኝነት ጠያቂዎች የሚያርፉበት ሆቴል ነው። በለጋሾቹ ደንብ ለጥገኝነት ጠያቂው በገባበት አገር በመጀመሪያው 12 ወር የሚወጣው ወጪ እርዳታ ተብሎ ይመዘገባል። በ2023 ከእንግሊዝ እርዳታ ከሩብ በላይ፣ 4.3 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ፣ እዚያው አገር ውስጥ ቀረ። ከዚህ የቀለጠፈ ልማት ከየት ይመጣል? ጉምሩክ የለ፣ አቧራ የለ፣ ከወረዳ ደብዳቤ ማጻፍ የለ። አንሶላው ሲታጠብ የእናቶች ሞት ይቀንሳል። የቆመው አሳንሰር ሲጠገን አንድ የገጠር መንገድ ተከፈተ ማለት ነው። የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ የሚቀይረው ሰውዬ፣ እሱ ባያውቀውም፣ የንጹሕ ውሃ ፕሮጀክት አስፈጻሚ ነው። የቀረው ሚኒስትሩ መጥተው በአራተኛው ፎቅ ሻወር ፊት ሪባን እንዲቆርጡ፣ ገምጋሚ ቡድንም ቁርስ ቤት ገብቶ እንቁላሉ ለዘላቂ ልማት ያበረከተውን እንዲያጠና ነው። ሊቢያን አልፎ፣ ባሕሩን ተሻግሮ ያንን ክፍል ያገኘው የኛ ልጅም በሳምንት 10 ፓውንድ የማይሞላ ገንዘብ እየተቀበለ፣ ሥራ ሳይፈቀድለት፣ አልጋው ላይ ተቀምጦ የእንግሊዝን መቶኛ ያሳድጋል።

ስደተኛን ማስጠለል ግዴታ ነው። የራስን ግዴታ ከድሃ አገር ክሊኒክ በጀት ላይ ቆርሶ መክፈልና «እርዳታ ሰጠሁ» ማለት ግን ማጭበርበር ነው።

ብክነት እንደማይወዱስ እናውቃለን። በ2017 መጀመሪያ አገራችን ውስጥ «የኛ» ለተባለው የልጃገረዶች ፕሮግራም ይሰጡት የነበረውን ገንዘብ ያቆሙት ጋዜጦቻቸው «ባከነ» ብለው ከጮኹ በኋላ ነው። ለሆቴሉ አንሶላ ግን ማን ይጩህ?

በየካቲት 2025 ጠቅላይ ሚኒስትር ስታርመር ለመከላከያ ገንዘብ ለማግኘት እርዳታው በ2027 ወደ 0.3 በመቶ እንደሚወርድ አስታወቁ። የልማት ሚኒስትሯ አኔሊዝ ዶድስ በቀናት ውስጥ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። መንግሥት ሁኔታው ሲፈቅድ ወደ 0.7 እመለሳለሁ ይላል። የ2015ቱ ሕግም አልተሻረም።