ጎሬ ሳትሰማ ያለቀው ጦርነት

የጣሊያን ጦርነት ያለቀው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ማርሻል ባዶሊዮ አዲስ አበባ ገባ፤ ጋዜጦቹ አለቀ ብለው ጻፉ፤ ግንቦት 1 ቀን ሙሶሊኒ ሮም ሰገነት ላይ ወጥቶ ኢምፓየር አወጀ። ከዚህ በኋላ አላለቀም ብሎ የሚከራከር ሰው ነገረኛ ነው።

ኢሉባቦር እንግዲህ ነገረኛ አገር ነው። ጋዜጣ ቶሎ አይደርሰውምና ጎሬ ላይ መንግሥት አቁሞ ተቀምጦ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሲሰደዱ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ በእንደራሴነት ጎሬ ገቡ። ራስ እምሩ ሽሬ ላይ ተሸንፈው፣ ጎጃምን አቋርጠው፣ የተረፈ ወታደራቸውን ይዘው እዚያው ደረሱ። ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶችም ጥቁር አንበሳ የሚባል ማኅበር መሥርተው በጠመንጃ ይማማሉ ነበር። የዛሬዋ ከተማችን መቱ ያን ጊዜ የጎሬ ታናሽ እኅት ናት። የሁለቱም ጥፋት አንድ ነው፤ ማለቁን አልሰሙም።

ታዲያ ያ ሁሉ ጋዜጠኛ ጎሬን ለምን አላያትም ብሎ መክሰስ ግፍ ነው። በ1928 መባቻ አዲስ አበባን ያጥለቀለቁት የውጭ ወሬኞች ከመቶ በላይ ነበሩ። ከነሱ አንዱ፣ የሞርኒንግ ፖስቱ ቢል ዲድስ፣ የ22 ዓመት ልጅ ሆኖ ከለንደን ሲነሣ ሩብ ቶን ጓዝ አስይዘውታል። ሩብ ቶን! አንድ በቅሎ አይችለውም፤ ሦስት አራት ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ጭኖ በሐምሌ ጭቃ ዲዴሳን ተሻገር፣ በደሌን እለፍ፣ ዝናቡ በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ አገር ግባ ማለት ጭካኔ ነው።

በእርግጥ ሌላ መንገድ ነበር። ክረምት በቅሎን ሲከለክል ባሮን ይከፍታል፤ ወንዙ ሲሞላ መርከቡ ከካርቱም ጋምቤላ ድረስ ይመጣ ነበር። የጎሬ ቡና በበቅሎ ወርዶ፣ ጋምቤላ ላይ ተጭኖ፣ ሱዳን ይገባ የነበረው በዚሁ ነው። ቡና የወጣበት መንገድ ጋዜጠኛ አያስገባም አይባልም። ግን ቡና ውስኪ አይጠጣም፤ ማታ ማታም ለአለቃው ቴሌግራም መላክ የለበትም።

ደግሞስ ከሆቴል የወጣ ጋዜጠኛ ምን እንደሚገጥመው ታይቷል። የዴይሊ ሜይሉ ኤቭሊን ዋው ነሐሴ 1927 ላይ አገር ላያት ብሎ ጅጅጋ ወረደ። እሱ እዚያ ሲዞር ሪኬት የሚባል እንግሊዛዊ አዲስ አበባ ላይ የነዳጅ ውል ተፈራረመ፤ ወሬውን ከከተማ ያልወጡት ጓደኞቹ በሉት። ከዚያ ወዲያ ማን ሞኝ ነው ጎሬ የሚሄድ?

ጎሬ ወሬ አጥታ ነው እንዳይባል እንኳ አፍ ያሲዛል። የእንግሊዝ ቆንስል እዚያው ተቀምጧል። አንዳንድ የምዕራብ ኦሮሞ ባላባቶች ለጎሬው መንግሥት ከመገዛት ይልቅ በእንግሊዝ ሞግዚትነት እንተዳደር የሚል ማመልከቻ በሱ በኩል ልከዋል። አንድ ከተማ ውስጥ እንደራሴ፣ ቆንስል፣ ስደተኛ ራስና አኩራፊ ባላባት! ለአንድ ዓመት የሚበቃ ርእሰ ዜና ነው። ጎረቤት ወለጋ ቦናያ ላይም በሰኔ ወር ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች አርፈው አደሩ፤ ጥቁር አንበሶች ሌሊት ደርሰው አቃጠሏቸው። አብሯቸው የመጣው የጣሊያኑ ጄኔራል ማሊዮኮም እዚያው ሞቶ ቀረ።

ጋዜጠኞች በዚያው ሰሞን ሥራ ፈትተው ነበር ማለቴ አይደለም። ሰኔ 23 ቀን ጃንሆይ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ጣሊያን በጦርነቱ ስለ ተጠቀመችበት መርዝ ጋዝ ሊናገሩ ሲነሡ የጣሊያን ጋዜጠኞች ፊሽካ ይዘው ተገኝተዋል። ከጋዜጠኞች መቀመጫ ሆነው እስኪደክማቸው ነፉ፤ ፖሊስ ጎትቶ አስወጣቸው። ስለ ኢትዮጵያ ጦርነት በዚያ ወር የተሰማው ከፍተኛው የጋዜጠኛ ድምፅ ይኸው ነው።

ዋው ደግሞ ታታሪ ሰው ነውና ክረምቱ ሊወጣ ሲል ተመልሶ መጣ። ጎሬ አይደለም፤ አዲስ አበባ። የጣሊያኑን እንደራሴ ግራዚያኒን አነጋገረ፤ ጣሊያን የሚሠራውን መንገድ አይቶ ተደነቀ፤ መጽሐፍ አወጣ። መንገዱ በእርግጥ የሚያስደንቅ ነበር። ምዕራቡ ላይ የኢትዮጵያ ባንዲራ ገና እንደተሰቀለ መሆኑ የመንገዱን ጥራት አይቀንሰውም።

የታይምሱን ጆርጅ ስቲር ከዚህ ወቀሳ አወጣዋለሁ፤ ያየውን ስለ ጻፈ ጣሊያኖች ራሳቸው አባረውታልና። ጽናትን በተመለከተ ግን ኢንድሮ ሞንታኔሊን የሚያክል የለም። መኮንን ሆኖ ዘምቷል፤ ኋላ ከጣሊያን ስመ ጥር ጋዜጠኞች አንዱ ሆኗል። የመርዝ ጋዝ የለም፣ እኔ እዚያ ነበርኩ እያለ ታሪክ ጸሐፊውን አንጄሎ ዴል ቦካን ለብዙ ዓመታት ሞገተው። እ.ኤ.አ. በ1996 የገዛ አገሩ መከላከያ ሚኒስቴር ሲያምን እሱም መሳሳቱን ተቀበለ። ስድሳ ዓመት ብቻ ነው የፈጀበት፤ ጎሬ ላይ የዘገየ ጋዜጣ ከዚህ ቀድሞ ደርሷል።

ኅዳር 1929 ጣሊያን ጎሬ ገባ። የጎሬው ጳጳስ አቡነ ሚካኤል አልገዛም፣ ሕዝቡንም አላስገዛም ስላሉ እዚያው ተገደሉ። በታኅሣሥ ራስ እምሩ ጎጀብ ወንዝ ላይ ተማርከው ፖንዛ ወደምትባል ደሴት ተጋዙ። ወሬኞቹ በዚህ ሰዓት የት ነበሩ ብሎ መጠየቅም አይገባም። ስፔን ላይ ጦርነት ተነሥቷል፤ ማድሪድ ደግሞ ጦር ግንባሩ ከሆቴሉ በእግር ይደረሳል፤ ማታም ስልክ አለ።