ሪባን የሌለው ሥራ

የታች ጋይንቷ አርብ ገበያችን ገና የፍሳሽ መስመር የላትም፤ ስለዚህ የሚዘጋባትም የሚፈነዳባትም የለም። ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ነው፣ ሲሞላ ከጎኑ ሌላ ይቆፈራል፣ አለቀ። ከተማነት ግን እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። መጀመሪያ ቱቦ ይቀበራል፣ ከዚያ መቀበሩ ይረሳል። ይህን ጥበብ መማር የሚሻ አዲስ አበባ ይሂድ።

የቃሊቲው የፍሳሽ ማጣሪያ በ1970ዎቹ ሲሠራ በቀን 7,500 ሜትር ኪዩብ እንዲያጣራ ነበር፤ ማስፋፊያው አቅሙን ወደ 100,000 አደረሰው። ደግ ሥራ ነው፣ ተመርቋል፣ ተጨብጭቦለታል። እስከዚያ የሚያደርሰውን ቱቦ መጥረግ ግን ምን ሪባን አለው? በጊዜ የተጠረገ ቱቦ አይፈነዳም፤ ያልፈነዳውን ደግሞ ማን ያየዋል? የፈነዳው ግን ምስክር አያጣም። ማንሆሉ አስፋልቱን ሲያጥለቀልቅ፣ ሰፈርተኛው አፍንጫውን ይዞ ሲደውል፣ መኪናው ደርሶ ሲመጥ፣ ያኔ ሥራ ይታያል። ጠብቆ መድረስ ትልቅ ብልሃት ነው።

ነዋሪውም አያሳፍርም። ዳይፐሩን፣ አሮጌ ጨርቁን፣ የቀዘቀዘ የወጥ ቅባቱን ቁልቁል ይልካል፤ ሲመለስበት «መንግሥት የት አለ?» ይላል። የማንሆሉን ክዳን ሌሊት ነቅሎ ለቁራሌ የሚሸጥም አለ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዝናቡን ጠብቆ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ አፍ ወደ ጎርፍ መውረጃው የሚከፍት ብልጥ አይጠፋም፤ ለመምጠጫ መኪና ብር ከማውጣት ሰማይ ይውሰደው ብሎ። ሰማይም ወደ አቃቂ ወንዝ ይወስደዋል፤ በአቃቂ ውሃ የለማው ጎመን ታጥቦ፣ ታስሮ፣ ወደ ብልጡ ገበያ ይመለሳል።

በየከተማው ከምታዩት ሁሉ እኔን የሚማርከኝ ግን የሰኔው የቦይ ጠረጋ ዘመቻ ነው። ወጣቱ አካፋ ይዞ ይወጣል። ከቦዩ ውስጥ ጥቁር ደለል፣ የተጨመቀ ሃይላንድ፣ የተገነጠለ የኮንጎ ጫማ፣ ፌስታል ይዛቅና እዚያው ከቦዩ ከንፈር ላይ ይከመራል። ፎቶ ይነሣል፣ ንግግር ይደረጋል። ክምሩን የሚያነሣ መኪና ግን በዕቅዱ አልተያዘም። ማታ ዝናብ ይጥላል፤ ደለሉ፣ ሃይላንዱ፣ ኮንጎውም ሳይቀር እየተንከባለሉ ወደ ቦታቸው ይገባሉ። ንብረት ለባለቤቱ ተመለሰ፤ የከርሞ ዘመቻም ከወዲሁ ተዘጋጀ። በአንድ ሌሊት ይህን ያህል ሥራ የሚፈጥር ሌላ ፕሮጀክት አሳዩኝ።

እናንተ የታች ጋይንት ሹማምንት፣ አንድ ቀን ለአርብ ገበያ ቱቦ ስትቀብሩ መቀሱንና ሪባኑን አትርሱ። የጠራጊውን ደመወዝ ግን በበጀቱ እንዳትይዙ፣ አደራ። ጠራጊ ያለው ከተማ አይገማም፤ ያልገማ ከተማን ደግሞ ማን መጥቶ ይጎበኘዋል?