ለግማሽ ፊት ሙሉ ዋጋ

እናንተዬ፣ ፎቶ አንሺ የሚከፈለው ፊት ሊያሳይ መስሎኝ! የዘንድሮው ፊት እያጠፋ ነው የሚያስከፍለው።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ የልጅ ልጄን ስንድር «አባባም ይምጡ» ተባልኩና ከነከዘራዬ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ወሰዱኝ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር ተባብረው ያቋቋሙት፣ 705 ሄክታር የሚሰፋ ቦታ ነው። ጽዱም ባሕር ዛፉም ያምራል። ታዲያ ፎቶ አንሺው ያንን ሁሉ ዛፍ በሌንሱ አደብዝዞ አረንጓዴ ጭጋግ አደረገው። ለጭጋግማ ምን ዳገት አስወጣን? ሐምሌ ሲገባ እደጃችን ድረስ ይመጣ የለም?

ቀጥሎ ሙሽራዋ ላይ መጣ። በአንድ ጎኗ መብራት አቁሞ ሌላውን ጎኗን አጨለመው። «ምነው ልጄ፣ አምፖል አለቀብህ?» ብለው፣ «ሙድ ነው አባባ» አለኝ። ሙድ! እኔ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እያየሁ ያደግኩት ሥርዓት ሌላ ነው። ጻድቁ ሙሉ ፊቱን ሰጥቶ፣ ሁለት ዓይኑን አፍጥጦ ይሣላል። በጎን ዞሮ በአንድ ዓይን የሚታየው ይሁዳ ነው፤ ጋኔኑም እንደዚያው። በስንት ስለት ያገኘናት ልጅ በክብሯ ቀን ከእነማን ጋር እንደተመደበች አስቡት!

መብራቱም አንድ ቦታ አይረጋለትም። ፊት ለፊቷ ከፍ አድርጎ ሲሰቅለው ከአፍንጫዋ ሥር ጥቁር ጥላ ወጣ። «ቢራቢሮ ይባላል» አለኝ፤ ለእኔ የታየኝ ሪዝ ነው። 45 ዲግሪ ወደ ጎን ሲገፋው በጨለመው ጉንጯ ላይ፣ ከዓይኗ ሥር፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ብርሃን ቀረ። ይኼኛው ሬምብራንት ነው አሉ፤ በ17ኛው መቶ ዘመን የኖረ የሆላንድ ሠዓሊ። እናቷ ስንት ቀን የተንከባከበችው ጉንጭ ተቆርሶ ለሆላንዳዊ! ከኋላዋ ሲያቆመው ደግሞ ጸጉሯ ዙሪያውን በራ። አክሊለ ብርሃን መሰለኝና ልመርቀው አፌን ስከፍት ፊቷ የለም።

«ፀሐይ እያለችልህ መብራት ምን ያደርግልሃል?» አልኩት። የሰጠኝ መልስ ባይጥመኝም እውነት አለው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች። ያን ጊዜ ዓይን ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል፣ አፍንጫ ከንፈር ላይ ያጠላል። ዛፍ ሥር ተጠለልን ሲሉ በቅጠሉ የሾለከው ጨረር ሰውን ነብር ያስመስለዋል። አመሻሹን እንጠብቅ ቢሉ፣ የእኛ አገር ፀሐይ ተንደርድራ ነው የምትጠልቀው፤ ወርቃማው ብርሃን ሚዜዎቹ ተሰልፈው ሳያበቁ ያልቃል።

ድሮም መብራት የሚያውቅ ጠፍቶ አይደለም። የምኒልክ ፎቶ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ፣ ለነገሥታቱ በብርሃን ተጠበውላቸዋል። ግማሽ ፊቱ የጠፋ ንጉሥ ግን እኔ አላየሁም። ፒያሳ ጉርድ ፎቶ ስንነሳ እንኳ «ሁለቱም ጆሮ ይታይ» ነበር ትእዛዙ። እስቲ ያንን ሙዳችሁን ይዛችሁ ፓስፖርት ላውጣ በሉ!

ይህም ይሁን። ረዳቱ የሚያብለጨልጨውን ሪፍሌክተር ቤቱ ረስቶት መጥቷል። «አባባ፣ እስቲ ጋቢዎን ዘርጋ አድርገው ይቁሙልን» አለኝ። ነጭ ልብስ ብርሃኑን መልሶ ጥላውን ያለሰልሳል አሉ፤ ነጠላ የለበሱ እናቶች ፎቶ ላይ ፊታቸው ወገግ የሚለው ለካ ወደው አይደለም። ክንዴ እስኪዝል ዘርግቼ ቆምኩ። አልበሙ መጣ፤ ብገልጥ፣ ባገላብጥ፣ የለሁም። «ጋቢዎ እኮ ዓይኗ ብሌን ውስጥ፣ ያቺ ነጭ ነጥብ ነች» ይሉኛል። መነጽሬን ወልውዬ ፈለግኩ፤ የምትታይ ነገር የለችም። ጋቢዬ ጫፍ ላይ የተለጠፈው የጽድ ሙጫ ግን በስንት እጥበት አልለቅ ብሎኛል።